የሌሊት ወፍ ዕውር አይደለችም

የሌሊት ወፎች በድምፅ የሚመሩት ማየት ስለማይችሉ ነው የሚለው አባባል መታረም ይገባዋል፤ ሁሉም ያያሉ፣ ፍራፍሬ ከሚመገቡት ብዙዎቹም ምግባቸውን የሚፈልጉት በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ነው። ነፍሳት አዳኞቹ ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ የሆነና ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ከጉሮሯቸው አውጥተው፣ የገደል ማሚቶው ለመመለስ ከወሰደበት ጊዜ ርቀቱን፣ ወደ ሁለቱ ጆሮዎች ሲደርስ ካለው ልዩነት ደግሞ አቅጣጫውን ይለያሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የአደኑ ማብቂያ ነው፤ የእሳት እራቷ ስትቀርብ ጥሪው እየተፋጠነ በሰከንድ 200 ገደማ ሊደርስ ይችላል፣ የገዛ ጩኸታቸው እንዳያደነቁራቸውም የመካከለኛው ጆሮ ጡንቻ ሲጮኹ ይኮማተራል። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ላዛሮ ስፓላንዛኒ የታወሩ የሌሊት ወፎች እንቅፋት ሳይነኩ እንደሚበሩ ያሳየው በ1790ዎቹ ቢሆንም፣ ድምፁ በመሣሪያ የተያዘው አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ዶናልድ ግሪፊንና ጆርጅ ፒርስ ምርምራቸውን ባሳተሙበት በ1938 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው።