ቁጭ በል አልኩህ እኮ!

ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ለምስጋና ነው። ምስጋናው ውሻቸውን በጉሮሯቸው ለሚያሠለጥኑ ሁሉ ይድረስ። ከነሱ አንዱ እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም። ካልሆኑም ጎረቤትዎ ነው። በሩ ገና ሲከፈት «ቁጭ በል! ቁጭ በል! ቁጭ በል አልኩህ እኮ!» የሚለው ድምፅ ግድግዳ ዘልቆ ይመጣል። እጅ የምነሣው ለዚያ ድምፅ ነው።

ለስላሳ የሆኑ ሌሎች አሠልጣኞችም አሉልዎ። ኪሳቸው አተር አተር በምታህል ቁራሽ ሥጋ የተሞላ። ውሻው ቁጭ ሲል «ጎበዝ!» ይሉና አንዷን ቁራሽ ያጎርሱታል። አለቀ። አዎንታዊ ማጠናከሪያ የሚል ትልቅ ስም ሰጥተውታል። ውሻቸው ዙር ሲባል ይዞራል፣ እጅ ስጥ ሲባል ይሰጣል፣ ተንከባለል ሲባል ይንከባለላል። ደግሞ እኮ ጭራውን እየቆላ ነው! እስቲ ምኑ ይደነቃል? ላብ የለ፣ የደም ሥር አልተገተረ፣ ጎረቤት ከእንቅልፉ አልነቃ። እየሳቁ የተማሩት ነገር ደግሞ ትምህርት ሊባል ነው?

የእርስዎ ግን የሚታይ ሥራ ነው። ቀረብ ብለን እንየው፤ ትውልድ ይማርበት።

ውሻው ፊትዎ ቆሟል። «ቁጭ በል» ይሉታል። ያይዎታል። የቃሉን ትርጉም ያሳየው ሰው የለም። ይህ ግን የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ሲወለድ የሰው ቋንቋ ይዞ መወለድ ነበረበት። ይደግሙለታል። ቀጥሎ ድምፅ ይጨምራሉ። የውሻ ጆሮ ከሰው ጆሮ እንደሚበልጥ ጠፍቶዎት አይደለም፤ ለክብሩ ብለው ነው። አራተኛው ላይ ጣት ይቀሰራል፣ ወገብ ይጎነበሳል። ውሻው ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል። ምላሱን አውጥቶ አፍንጫውን ይልሳል። እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። ለስላሶቹ ይህን ሲያዩ «ጨንቆታል፣ ይረፍ» ይላሉ። እርስዎ ግን ባንድ እይታ ደረሱበት፤ ንቀት ነው! ሰባተኛው ላይ ወገቡን በመዳፍዎ ይጫኑታል። ምን ምርጫ አለው፣ ቁጭ ይላል። «አየህ? ታውቀዋለህ እኮ!» ሽልማትስ? የእርስዎ ዝም ማለት አይበቃውም እንዴ?

ውሻውም በከንቱ አልዋለም። ተምሯል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት «ቁጭ በል» ማስታወቂያ እንደሆኑ፣ ሥራ የሚጀመረው በሰባተኛው እንደሆነ ገብቶታል። ነገም ሰባተኛውን ይጠብቃል። ከቤተሰብዎ ውስጥ ቃልዎን እንዲህ ቆጥሮ የሚይዝልዎ ማን አለ?

ለማነጻጸሪያ ያህል ብቻ የለስላሶቹን አሠራር ላንሣው። ቁራሿን በጣታቸው ይዘው ውሻው አፍንጫ ላይ ያደርሷታል። ከዚያ ቀስ አድርገው ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ በአናቱ በኩል ይወስዷታል። እሷን ለማየት አንገቱ ቀና ይላል፤ አንገቱ ቀና ሲል ቂጡ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። መሬት በነካባት ቅጽበት «ጎበዝ!»፤ ቁራሿም አፍ ገባች። ጥቂት ከደጋገሙ በኋላ ያንኑ እጅ ባዶውን ያንቀሳቅሱታል፤ ሽልማቱ ከሌላው እጅ ይመጣል። ቃሉን የሚጨምሩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ውሻው እጃቸውን አይቶ ቁጭ ማለትን ከለመደ በኋላ። «ዙር» ሲያስተምሩትም ያው ነው። ቁራሿ አፍንጫውን አስከትላ ክብ ትሠራለች፣ ሰውነቱ ይከተላል። ጥቂት ደቂቃ ሠርተው ውሻው ገና ሳይሰለቸው ያቆማሉ። ጥቂት ደቂቃ! እርስዎ በዚያ ጊዜ ጉሮሮዎን እንኳ ጠርገው አይጨርሱም።

(አንዲት ነገር የምሬን ልናገር። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብና ሽንኩርት ውሻን ይመርዛሉ፤ ለሽልማት አይሆኑም። ጀርባውን ወይም ዳሌውን የሚያመውን ውሻም አያንከባልሉት። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።)

ይህ ለስላሳነት ከየት መጣ ካሉኝ፣ ከሳይንቲስቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የሚባል አሜሪካዊ የድመት ሙከራውን አሳተመ። (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ይያዙልኝ።) ድመቷ ሣጥን ውስጥ ትዘጋለች፤ መክፈቻውን ስትነካ በሩ ይከፈታል፤ ውጭ ምግብ አለ። ሙከራው ሲደጋገም ለመውጣት የሚፈጅባት ጊዜ እያጠረ ሄደ። ደስ የሚል ውጤት ያመጣ ድርጊት ይደገማል አለ ሰውየው። ቀጥሎ ቢ. ኤፍ. ስኪነር የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ነገሩን በአይጥና በእርግብ አበጠረው። ጭራሽ በ1951 ማንም ሰው ውሻውን በሽልማት ማስተማር እንደሚችል በመጽሔት ጻፈ፤ ሽልማቷን አጭር ድምፅ እንዲቀድማት ጭምር መክሮ። ዛሬ ክሊከር የምንላት፣ ስትጫን ቀጭ የምትል ዕቃ ሥራዋ ይኸው ነው። «አሁን ያደረግካት፣ እሷ ናት!» ትለዋለች ውሻውን። ቁራሿ ትንሽ ብትዘገይ እንኳ የተሸለመው በምን እንደሆነ አይምታታበትም።

የዶልፊን አሠልጣኞችም ይህንኑ በፊሽካ ያደርጉታል። ወደው አይምሰልዎት። ዶልፊንን በገመድ ማን ይጎትተዋል? ቢቆጡት ዋኝቶ ይሄዳል። ያላቸው ፊሽካና አንድ ባልዲ ዓሣ ብቻ ነው። እርስዎ ቢሆኑ ግን ገንዳው ዳር ቆመው «ዝለል አልኩህ እኮ!» እያሉ ታሪክ ይሠሩ ነበር።

«አለቃው እኔ መሆኔን ማወቅ አለበት» የምትለዋን አባባልዎንም ሳላደንቅ አላልፍም። መነሻዋ ተኩላ ነው። በ1947 ሩዶልፍ ሼንክል የሚባል ተመራማሪ በአንድ መካነ እንስሳት የተዘጋባቸውን ተኩላዎች አጥንቶ ስለ ሽኩቻቸው ጻፈ። በ1970 ደግሞ ዴቪድ ሚች የሚባል የተኩላ ተመራማሪ የመንጋውን አለቃ ነገር በመጽሐፉ አሠራጨው። ሚች በኋላ በካናዳ፣ ኤልዝሚር በምትባል ደሴት የዱር ተኩላዎችን ለዓመታት ተከታተለ። በ1999 የዱር መንጋ ማለት በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ናቸው፣ «አለቃ» የሚለው አጠራር አይገልጻቸውም ብሎ ጻፈ። ያሠራጨው ሰው ራሱ ትቶታል። እርስዎ ግን አልተዉትም። ታማኝነት እንዲህ ነው እንጂ! ደግሞም ውሻዎ ተኩላ አለመሆኑን እንደ ጥቃቅን ጉዳይ ማለፍዎ ያስመሰግንዎታል።

ፍርድ አሰጣጥዎስ! ማታ ይገባሉ። ጫማዎ ተዘልዝሏል። የተዘለዘለው ጠዋት ነው። አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ውሻውን ያሙታል፤ እርስዎ ቤት ግን ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ጌታው ነው። የጫማውን ቅሪት አፍንጫው ላይ ደቅነው «ይሄ ምንድን ነው?» ይሉታል። ጫማ መሆኑን እሱ ከእርስዎ በላይ ያውቃል፤ ቀምሶታል። ጆሮውን ይጥላል፣ ዓይኑን ይሰብራል። «አያችሁት? ጥፋቱን ያውቃል እኮ!»

በ2009 አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል ተመራማሪ ይህቺን ፊት ፈተነቻት። ባለቤቶቹ ውሻቸውን «እንዳትበላ» ብለው ከክፍሉ ወጡ። አንዳንዱ ውሻ በላ፣ አንዳንዱ አልበላም። ሲመለሱ ግን በልቷል ወይም አልበላም ተብሎ ለባለቤቶቹ የሚነገራቸው ሁልጊዜ እውነቱ አልነበረም። ያ የጥፋተኛ ፊት የታየው ባጠፉት ላይ ሳይሆን ቁጣ በወረደባቸው ላይ ሆነ። ምንም ሳይበሉ ቁጣ የወረደባቸውማ ባሰባቸው። እንግዲህ እርስዎ ንጹሑን ፍጡር በደቂቃ ውስጥ ወንጀለኛ ማስመሰል ይችላሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለ የመርማሪ ተሰጥኦ እቤት ውስጥ በውሻ ላይ ብቻ መባከኑ ያሳዝናል።

«ና!» የምትለዋም ትዕዛዝ አለች። ጠሩት፣ ጠሩት፣ በመጨረሻ መጣ። «ለምን ቆየህ?» ብለው በጥፊ ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ሲጠሩት እጅዎ የማይደርስበት ቦታ ላይ ቆሞ ያይዎታል። ሒሳቡን ሠርቷል። መሄድ በነጻ ነው፤ መምጣት ያስከፍላል።

በ2020 ፖርቱጋል ውስጥ 92 ውሾች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። በቁጣና በቅጣት በሚያሠለጥኑ ትምህርት ቤቶች የተማሩት ውሾች በሥልጠናው ወቅት ብዙ የጭንቀት ምልክት አሳዩ። ምራቃቸው ሲመረመርም የጭንቀት ሆርሞኑ ከሥልጠና በኋላ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሌላም ፈተና ነበር። ምግብ ይኑርበት አይኑርበት የማይታወቅ ሳህን ሲቀመጥላቸው፣ ቅጣት የበዛባቸው ውሾች ወደ ሳህኑ የሚሄዱት ዘገም ብለው ነው፤ በሽልማት የተማሩት ግን ፈጠን ይላሉ። እኔ ይህን እንደ ስኬት ነው የማየው። ተስፋ የማያበዛ፣ ከሕይወት ብዙ የማይጠብቅ፣ የበሰለ ውሻ ማሳደግ ቀላል ነገር ነው?

አንድ ነገር ግን አይካዱኝ። ሽልማት አልሰጥም የሚሉት ከትሕትና ነው እንጂ እርስዎም ይሸልማሉ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ? የእርስዎ ውሻ ገበታው ሥር የሚጮኸው እዚያ ስለበላ ነው። ብዙ ቀን «ሂድ ከዚህ!» ብለውት አንድ ቀን ሲታክትዎ ወረወሩለት። በቃ። እሱ እንደ ሎተሪ ቆራጭ ነው፤ አንዴ ከወጣለት ወዲያ ተስፋ አይቆርጥም። አልፎ አልፎ የሚመጣ ሽልማት ያስለመደው ነገር ቶሎ እንደማይለቅ ስኪነር በእርግብ አይቶታል፤ እርስዎ ሳያነቡት ደርሰውበታል። ሰው ላይ መዝለሉንም ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። በዘለለ ቁጥር «ውረድ!» እያሉ በሁለት እጅዎ ይገፉታል። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ለዋለ ውሻ መታየት፣ መነካትና መነጋገር ሦስት ሽልማት ባንዴ ነው። ጨዋታ መስሎታል። ለስላሶቹ ሲዘልባቸው ጀርባቸውን ይሰጡታል፤ አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ብቻ ዞረው ያሻሹታል። አያሳፍርም? ሳይጮኹ!

ከሁሉ የምወደው ግን ለቪዲዮ ሲያዘጋጁት ነው። ስልኩ ተደግኗል፣ ሜዳው ሰው በሰው ነው፣ ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ። «እጅ ስጥ! እጅ ስጥ! ስጥ እንጂ!» ውሻው ኳሱን ያያል። «እቤት ሲሆን ይችለዋል እኮ» ይላሉ ለተመልካች። ይህቺን እንኳ አምንዎታለሁ። ውሻ ሳሎን ውስጥ የተማረው ትርኢት ሜዳ ላይ እንደ አዲስ ነገር ይሆንበታል። መጀመሪያ ጸጥ ባለ ቦታ፣ ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ መንገድ እያሉ እንደገና ማስለመድ ይጠይቃል። ግን ለዚህ ማን ጊዜ አለው? መጮህ ይፈጥናል።

ቻዘር የምትባል ውሻ ነበረች። ጡረታ የወጣ የሥነ ልቦና መምህር አሠልጥኗት የ1,022 መጫወቻዎችን ስም ለየች፤ ጥናቱ በ2011 ታትሟል። ዋናው ሽልማቷ ከሰውየው ጋር መጫወት ነበር። ግን ምኑ ያስገርማል? እርስዎ እኮ አንዱን ስም 1,022 ጊዜ ጠርተዋል።

እርስዎ ጩኸትን ለምን እንደማይተዉ ራሱ ቶርንዳይክ ይገባው ነበር። ሲጮኹ ውሻው ለአፍታ ይደነግጣል፣ ያደርገው የነበረውን ያቆማል። ያቺ አፍታ የእርስዎ ቁራሽ ናት። ስለዚህ ነገም ይጮኻሉ። ውሻውም በበኩሉ የራሱን ትምህርት ቤት ከፍቶልዎታል። በሩ ሥር ሄዶ ይቆማል፣ አንዴ ያላዝናል። ይነሣሉ። በሩን እንደከፈቱለት ያችኑ ቅጽበት ጭራውን ይቆላልዎታል፣ እጅዎን ይልሳል። እስካሁን ሁለተኛ ጊዜ ማላዘን አላስፈለገውም።