ሜሲ በ17 ዓመቱ ቋሚ ተሰላፊ አልነበረም

ወንድሜ፣ «ሜሲ በ17 ዓመቱ የባርሴሎና ቋሚ ነበር፤ እዚህ ሐዋሳ የእኛ ልጆች ለምን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ?» ያልከው መታረም አለበት። ለልጆቹ መቆርቆርህን እጋራለሁ፤ ምሳሌው ግን ልክ አይደለም።

ሜሲ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2004 በመጀመሪያ የሊግ ጨዋታው ኤስፓኞል ላይ የገባው የቡድን ጓደኛውን ዴኮን ተክቶ ነው። በዚያ የውድድር ዘመን በሊጉ 7 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። በሜይ 2005 አልባሴቴ ላይ የመጀመሪያ ጎሉን ሲያገባም ተቀይሮ ገብቶ ነበር። እንግሊዛዊው አጥቂ ሃሪ ኬን ደግሞ በውሰት ለሌይተን ኦሪየንት፣ ለሚልዎል፣ ለኖርዊች እና ለሌስተር ተጫውቶ፣ በቶተንሃም ቦታውን ያስከበረው 21 ዓመት ሲሆነው ነው። የባርሴሎናው ላሚን ያማል በ16 ዓመቱ ቋሚ ሆኗል፣ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለው ግን እጅግ ብርቅ ነው።

አሰልጣኝ ከዕድሜ በላይ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ ልጁ ኳስ ሲነጠቅ ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል? ሲደክመው ውሳኔው ይበላሻል? (ጎል ማግባቱን ብቻ የምንቆጥር ደጋፊዎች ይህን እንዘነጋለን።) በእርግጥ ወንበር ላይ አስቀምጦ መርሳትም በደል ነው። ስለዚህ ለልጆቻችን አሁን አጥብቀን እንጠይቅላቸው የምለው በየጨዋታው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው።