ለሙሽራ ቡችላ አይሸለምም!

ደብረ ብርሃን ላይ ጥር ሲመጣ ሁለት ነገር አይቀርም፤ ሰርግና ውርጭ። አሁን አሁን ሦስተኛ ተጨምሮላቸዋል፤ የብስኩት ካርቶን። መልሱ አልፎ፣ ቅልቅሉ ተበልቶ፣ ሙሽሮቹ የብርጭቆ ስጦታውን ከነመጠቅለያው አልጋ ሥር እየገፉ ሳለ አንዱ ሚዜ ካርቶን ታቅፎ ይገባል። ውስጡ እፍኝ የምታክል ቡችላ። «ቤታችሁ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው!» ሳቅ፣ እልልታ፣ ፎቶ። ፎቶው ተለጥፎ ሳያልቅ ሰጪው ባጃጅ ይዞ ሄዷል።

ብሶቴ ቡችላዋ ላይ አይደለም፤ እሷ ምን አጠፋች! ብሶቴ የ12 ዓመት ኃላፊነት በካርቶን አስረክቦ በሚሄደው ሰው ላይ ነው። ብርድ ልብስ ያመጣ ሰው እኮ ቢያንስ ብርድ ልብሱ ሌሊት ሲያለቅስ አያድርም።

ደግሞ ልብ በሉ፤ የምትሸለመው ሁልጊዜ ሴቷ ናት። ወንዶቹን ጎረቤት ተሻምቶ ወስዷቸዋል። ሴቷን የሚፈልግ ጠፋ፣ መጣል ደግሞ አሳዘነ፣ ሰርግ ደረሰ። ስጦታ አትበሉት፤ ሸክም ማራገፍ ነው።

«ሁለት ወር ሞልቷታል» ይላል ሰጪው። እስቲ ከንፈሯን ገለጥ አድርጉና እዩ። የቡችላ የወተት ጥርስ ብቅ ማለት የሚጀምረው በ3 ሳምንት ገደማ ሲሆን 28ቱም የሚሟሉት ወደ 8 ሳምንት አካባቢ ነው። ከፊት ሰሊጥ የሚያካክሉ ነጫጭ ነገሮች ብቻ ታይተው ወደ ኋላ ድዱ ባዶ ከሆነ፣ ያቺ ልጅ ገና የወር ናት። ሆዷንም ዳሰስ አድርጉት። ሆዷ ከበሮ፣ ጎኗ ወንፊት ከሆነ ጥጋብ አይደለም፤ ትል ነው። ወስፋቱን ከእናቷ ማህፀንና ከጡቷ ይዛው ነው የመጣችው፤ ለዚህ ነው የትል መድኃኒት ከ2 ሳምንት ዕድሜዋ ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ እስከ 3 ወር መሰጠት ያለበት። ሰጪውን «ስንቴ ሰጥተሃታል?» በሉት እስቲ። «የምን መድኃኒት?» ነው መልሱ።

ከዚያ ሌሊቱ ይመጣል። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥር አንዳንድ ጠዋት ውጭ ያደረ ባልዲ ላይ ስስ በረዶ ጋግሮ ይገኛል። የወር ቡችላ ከወንድም እህቶቿ ጋር ተቆልላ ካልተኛች ሙቀቷን ይዛ ማደር ይቸግራታል። ሙሽሮቹ ከላይ ጨርቅ ይደራርቡባታል፣ ቅዝቃዜው ግን የሚመጣው ከሲሚንቶው ወለል ነው። ካርቶኑን ሁለት ጣውላ ላይ ከፍ አድርጉት፤ ውስጡ አንድ ስንዝር ጭድ፣ ከላዩ አሮጌ ብርድ ልብስ። የውሃ ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሙሉና (የፈላ አይደለም፣ የፈላ ፕላስቲኩን ያኮማትረዋል) ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ወፍራም ካልሲ አልብሳችሁ በአንድ ጥግ አድርጉላት። በአንድ ጥግ ብቻ! ሲሞቃት የምትሸሽበት ጥግ ያስፈልጋታል። ሌሊት አንዴ ተነስቶ ውሃውን መቀየር ግድ ነው። ጭዱ በሽንት ከረጠበ ደግሞ ከባዶ ወለል የባሰ ስለሚያበርድ በየቀኑ ይለወጣል። ካርቶኑ አልጋው አጠገብ ይሁን፤ ወጥ ቤት ለብቻዋ የተዘጋባት ቡችላ ሳምንት ሙሉ ስትጮህ ታድራለች፣ አከራይም ሳምንት አይታገሥም።

«ከሰል አቀጣጥለን እናስገባላት» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉ። አንድ ክፍል ቤት፣ በሩ ሥር ጨርቅ የተወተፈበት፣ መስኮቱ ጥርቅም ያለ። ከሰሉ ፍም ሲሆን ጭሱ ስለሚጠፋ ንጹሕ ይመስላል፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን እየወጣ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ፤ ቡችላዋም ሙሽሮቹም ላይነሱ ይችላሉ። ቡና ከተፈላ በኋላ ምድጃው ውጭ ይደር።

ምግቡስ? ሁሉም ሰው ያንኑ ነው የሚለው፤ «ወተት ስጧት»። የላም ወተት ከውሻ ወተት ሲነጻጸር ስብና ፕሮቲኑ ከግማሽ በታች ነው፣ ስኳሩ ግን ይበልጣል። ያ ያልተፈጨ ስኳር አንጀቷ ውስጥ ውሃ እየሳበ ተቅማጥ ያመጣል፤ የወር ቡችላን ተቅማጥ ደግሞ በአንድ ቀን ያደርቃታል። ገብስ ቅንጬ ወይም ሩዝ እስኪፈርስ ቀቅላችሁ፣ ያንኑ ያህል የተቀቀለ እንቁላል ወይም ደቆ የተከተፈ የበሰለ ሥጋ ቀላቅሉበት፤ ጨው የለ፣ በርበሬ የለ። በቀን 4 ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ አንድ የቡና ሲኒ፣ ከፍ ቢል አንድ ተኩል። የእንቁላሉን ቅርፊት አድርቃችሁ እንደ ዱቄት ፍጩና በቀን ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ነስንሱበት፤ ሥጋና እህል ብቻ የበላች ቡችላ ካልሲየም ያጥራትና እግሯ ይወላገዳል።

የወጥ ትራፊ አትስጧት። ይሄን ስናገር «ውሻ ምን ሊበላ ነው ታዲያ?» የሚል አይጠፋም። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ ተቁላልቶም ቢሆን የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ድመት ላይ ደግሞ ይብሳል። የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ምልክቱ በማግስቱ አይታይም፤ ከቀናት በኋላ ድዷ ይነጣል፣ ሽንቷ ይጠቁራል፣ ትዝላለች። ያኔ ያን የቅልቅል ቀይ ወጥ የሚያስታውስ የለም፤ «ዓይን በላት» ይባላል።

ቆይ፣ ጾሙን ረሳሁት። ጥር ላይ የተሸለመች ቡችላ ሳምንታት ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ይገባባታል፤ 55 ቀን። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ቤት ውስጥ ሽሮና ምስር ብቻ ይሠራል፣ በፍጥነት ማደግ ያለባት ልጅ በሽንኩርት ሽሮ ትከርማለች። እንቁላል ግዙ። በጾም ገዢው ስለሚቀንስ ዋጋውም ቀለል ይላል። ጎረቤት «ሙሽሮቹ በሁዳዴ እንቁላል ይቀቅላሉ» ብሎ ያማችኋል፤ ይማ።

ቤቱ ውስጥ ድመት ካለች (አይጥ የሰርጉን ስጦታ እንዳይቀረጥፍ ብዙ ሙሽራ ድመት ያስገባል) የእሷ ጾም የባሰ ነው። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራም፤ የሚገኘውም ከሥጋና ከዓሣ ነው። እንጀራ በሽሮ የምትበላ ድመት ቀስ በቀስ ዓይኗ ይፈዛል፣ ልቧ ይደክማል። «አይጥ ይዛ ትብላ» እንዳይባል፣ ጎረቤት የአይጥ መርዝ በትኗል። የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት አብራ ትመረዛለች።

ደግሞ ክሩ አለ። ድመቷን የሰጠ ሰው ሙሽሪት ማታ ማታ ኪሮሽ እንደምትሠራ፣ ሶፋው ሥር የክር ቅርጫት እንዳለ መቼ ጠይቆ ያውቃል! የድመትን ምላስ በጣት ነክታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ሞረድ ነው፤ እሾሆቹ ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ናቸው። ክር አንዴ ከያዛቸው መትፋት አይሆንላትም፤ ወደ ውስጥ ብቻ ነው የሚሄደው። አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ተጠምጥሞ ሌላው አንጀቷ ውስጥ ሲወርድ፣ አንጀቷ እንደ ሱሪ መቀነት እየተኮማተረ ክሩ ላይ ይሰበሰባል። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ብታዩ እንዳትጎትቱ! ክሩ አንጀት ይቆርጣል። ሐኪም ጋ ውሰዷት። ክር ክዳን ባለው ጣሳ፣ መርፌና ኪሮሽ በመሳቢያ። ቡችላ ከመጣች ደግሞ የባልየው የአበባ ማሰሮም አበቃለት፤ ፍግ የሸተታት ቡችላ ሳትቆፍር አትውልም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በሠርጉ በግ ይታረዳል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይገኛል፤ አራጁ በቢላው ቆርጦ «ለውሻዋ» ብሎ ይወረውረዋል። ያ ከረጢት የትል እጭ ነው። ውሻዋ ሆድ ገብቶ በ7 ሳምንት ገደማ ጥቃቅን የኮሶ ዘመድ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከኩሷ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሯ ላይ ይለጠፋል፣ ሙሽሮቹ እየዳበሱ እጃቸውን ሳይታጠቡ ጎርሰው ይውጡታል። ከዚያ በሰው ጉበት ላይ ያው ከረጢት ለዓመታት ሲያድግ ይከርማል። እንደ መንዝና እንደ ሌላው ሰሜን ሸዋ በግ በሚታረድበት አገር ይሄን የማያውቅ አራጅ ሊኖር ባልተገባ ነበር። የቋጠረ ነገር ካያችሁ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ ለውሻ መስጠት ካለባችሁም ተከታትፎ 40 ደቂቃ ይንተክተክ።

ትሏን ለመግደል ብለው ደግሞ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ገብተው «ለበግ የሚወጋውን» ይገዛሉ። 1 በመቶ ኢቨርሜክቲን 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ እንስሳ የተመጠነ ነው። ለ3 ኪሎ ቡችላ ሲሰላ 0.06 ሚሊ፤ ጠብታ ነው። «ግማሽ ብቻ ነው የወጋኋት» የሚለው ሰው 8 እጥፍ ወግቷታል። መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ መዝለፍለፍ። ያ መድኃኒት ደግሞ የኮሶ ዓይነቱን ትል አይነካውም፤ ለእሱ ፕራዚኳንቴል ነው የሚሰጠው፣ እሱም ተመዝና።

ክትባቱን አሳጥሬ ልለፈው፤ የፓርቮው (ቡችላን ደም የሚያስቀምጠው ቫይረስ) ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ይጀመርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ 16 ሳምንት እስኪሞላት ይደገማል። አንድ መርፌ የማይበቃው ከእናቷ የወረሰችው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያመክነው ነው። የእብድ ውሻው በ3 ወሯ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ባለፈው ዓመት ቡችላ ደም አስቀምጧት የሞተችበት ግቢ ከሆነ ሌላ አታስገቡ፤ የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ይቆያል፣ በሳሙና አይሞትም፣ በበረኪና ነው። የግቢውን ልጅ ውሻ ከነከሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ በዚያው ወደ ጤና ጣቢያ።

ፎቶ የሚያነሱ ሙሽሮችም «ውሻችንን ይዘን ጓሳ እንውጣ» ይላሉ። መንዝ ጓሳ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ካሉት ከ500 ያነሱ አንዱ ነው፤ ዋና ገዳዮቹ ከቤት ውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ ቫይረስ ናቸው። ካሜራውን ያዙ፣ ውሻዋ ቤት ትቅር።

አማት ደግሞ ሙሽሪት ያረገዘች ዕለት ይመጣሉ፤ «ድመቷን አውጧት!» እትዬ፣ ድመቷ ትቀመጥ። ከድመት ኩስ የሚመጣው፣ ፅንስ የሚጎዳው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሕዋስ ወደ ሰው ለመተላለፍ ኩሱ ቢያንስ አንድ ቀን መቆየት አለበት። ባልየው የአሸዋ ሳጥኑን በየቀኑ ከደፋው ያ መንገድ ተዘጋ ማለት ነው፤ እጁን ብቻ በደንብ ይታጠብ። ይልቅ ለእርጉዟ «ደም ይሆናታል» ብለው ያመጡላትን ጥሬ ሥጋ ይመልሱት፤ በሽታው በእሱም በኩል ይገባል።

እና ሥራው? ሁለቱም ጠዋት 2 ሰዓት ወጥተው 11 ሰዓት ተኩል ይገባሉ። የ2 ወር ቡችላ ሽንቷን የምትይዘው 2፣ ቢበዛ 3 ሰዓት ነው። አስሉት። ሲመለሱ ምንጣፉ ርሶ ሲያገኙ አፍንጫዋን እዚያው ያሻሻሉ፤ እሷ ከሰዓታት በፊት ያደረገችውን ከቅጣቱ ጋር አታገናኘውም፣ የምትማረው ሰውን መፍራት ብቻ ነው። በልታ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ማውጣት ነበር መፍትሔው፤ ማን ያውጣት?

ከዚያ ከ6 እስከ 12 ወሯ ባለው ጊዜ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ይመጣባታል። 3 ሳምንት ሙሉ የቀበሌው ወንድ ውሻ በሙሉ በር ላይ ተሰልፎ ያድራል፣ አከራይ «ወይ እሷ ወይ እናንተ» ይላል። አንዴ ካመለጠች ከ63 ቀን በኋላ ስድስት ሰባት ቡችላ። ወንዶቹን ጎረቤት ይሻማቸዋል። ሴቶቹን የሚፈልግ ይጠፋል። ጥር ይመጣል። የብስኩት ካርቶን ይፈለጋል።

ሙሽሮች፣ ካርቶኑ በር ላይ ከደረሰ አታፍሩ፤ መቼ ተወለደች፣ የትል መድኃኒት ስንቴ ወሰደች፣ እናቷ ተከትባለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሚዜው ከተንተባተበ ባጃጁ ሳይነሳ ካርቶኑን መልሳችሁ አሸክሙት። ዛሬ ማታውኑ ትመለስ፤ የእናቷ ጡት ገና አልደረቀም።