ፒኔን ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ

ሰሞኑን ጎንደር ፒያሳ አንድ የሞባይል ገንዘብ ወኪል ጋ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ያሉት ሰውዬ ስልካቸውን ለልጁ አቀበሉትና "አንተው ነካካው የኔ ልጅ" አሉት። ልጁ ሚስጥር ቁጥር ጠየቀ። ሰውዬው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ አራቱንም ቁጥር አንድ በአንድ፣ አዋጅ ነጋሪ በሚያስንቅ ድምፅ ለቀቁት። መቼም ይሄን ያላየ የለም።

እንደኛ ያለ ግልጽ ሕዝብ ከየት ይገኛል? ሌላው ዓለም ስልኩን በጣት አሻራ ይቆልፋል፣ በፊቱ ይቆልፋል። ከሰው ጋር የተጣላ ይመስል!

እስቲ አስቡት፤ እኚህ ሰው ቁጥራቸውን ቢረሱ ምን ይቸገራሉ? በር ላይ ያለው ሊስትሮ ብሩሹን ሳያስቀምጥ "አባባ፣ መጨረሻው ሰባት ነው" ይላቸዋል። ሊስትሮው ባይኖር ሎተሪ አዟሪዋ አለች። እሷም ብትጠፋ አዘዞ የሚጭነው የባጃጅ ልጅ አለ። ሰው ለባክአፕ ገንዘብ ይከፍላል፤ የሳቸው ባክአፕ በእግሩ ይሄዳል። ቁጥር የቀየሩ ዕለትማ ጉድ ነው። የድሮውን የያዘ ሰው እንዳይጉላላ ለእድሩ ጡሩምባ ነፊ ይነግሩና ያስለፍፋሉ። ዘመድ ይቀየማል። "በድሮው ቁጥር ምን አጎደልንብህ?" ይላል። ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ ውለው ወደ ቀድሞው ቁጥር እንዲመለሱና ለተቀየመው ዘመድ 500 ብር እንዲክሱ ይፈርዳሉ። ካሳውንም አንዱ ሽማግሌ እዚያው በሰውዬው ስልክ ይልከዋል። ቁጥሩን ያውቀው የለ!

በአራት አሃዝ ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 ቁጥር ይወጣል። ከዚያ ሁሉ 1234ን መምረጥ ትሕትና ነው። የተወለደበትን ዓመት የሚያደርገውም ቢያንስ ዕድሜውን አይደብቅም። የፋሲል ግቢን የሠሩት ነገሥታት ግን ሰው አያምኑም ነበር መሰለኝ። 900 ሜትር የሚሆን የድንጋይ አጥር ምን ሊሠራላቸው?

ስክሪናቸውን የሚቆልፉ ተጠራጣሪዎችም አልጠፉም። ደግነቱ ሲም ካርዱን አይቆልፉትም። በጥምቀት ግፊያ ስልኩን የመነተፈው ልጅ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በቴክስት የሚመጣውን የመግቢያ ኮድ ሁሉ ቁጭ ብሎ ይቀበላል። ሲሙ ላይ ፒን ማድረጊያ ሴቲንግ ውስጥ አለ። ቴሌግራምም ከኮዱ ሌላ የራስን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አለው። ግን ማን ይነካዋል? ሌባም እኮ የሰው ልጅ ነው።

ጥገና ቤት ደግሞ ሂዱ። ስልኩ ጀርባ ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጠፋል። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ከሥሩ ዘጠኝ ነጥብ ላይ በእስክሪብቶ የተሳለች የስልኩ መክፈቻ ፓተርን። ባትሪ ለመቀየር ፓተርን ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ ነው። ስልኩ መስኮቱ ላይ ተደርድሮ ያድራል፤ አላፊ አግዳሚው ያነበዋል።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። ባትሪ ልታስቀይር ስልኳን የሰጠች ልጅ ፎቶዋ በማታውቀው ግሩፕ ሲዞር፣ ሰፈሩ የሚጠይቀው "ለምን ተነሳችው?" ብሎ ነው። ማን ሰረቀው የሚል የለም። ፎቶውን ግን አንድ ሳያስቀር አይቶ፣ ለጓደኛውም ልኮ ነው የሚፈርደው። ነውር ነው! ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋው አንድ፣ በአደራ የተሰጠውን ስልክ የበረበረው ነው። ሁለት፣ ፎርዋርድ ያደረግከው አንተ ነህ።

በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ስለ ባለመረጃው ፈቃድ ብዙ ይላል። አውጪዎቹ እኛን አያውቁንም ማለት ነው። እኛ ሳንጠየቅ እንሰጣለን እንጂ ፈቃድ እስክንጠየቅ እንጠብቃለን እንዴ?

ከሁሉም የማደንቀው ግን አሮጌ ቀፎውን ውስጡን ሳያጠፋ የሚሸጠውን ነው። ሴቲንግ ገብቶ ሁሉንም ማጥፋት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ እሱ ግን ለገዢው ቤተሰቡን ጭምር መርቆ ይሰጠዋል። የሰርግ ቪዲዮ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የሚስቱ የላብራቶሪ ውጤት፣ ከአማቱ ጋር የተነታረከበት ቴክስት። እንዲህ ያለውን ገዢ ለልጅ ክርስትና አለመጥራት ያስወቅሳል። ሲመጣም ከአጎትየው በላይ ነው የሚቀመጠው። አጎትየው የሚስትየዋን የደም ዓይነት የት ያውቅና!