ጌይሻ ለማየት መንገድ ላይ አትጠብቁ

ስለ ጃፓን ጉዞ የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን «አመሻሽ ላይ ጊዮን በሚባለው የኪዮቶ ከተማ ሰፈር ቆማችሁ ጌይሻ ጠብቁ» የሚለው ምክር አልተዋጠልኝም። ጌይሻዎቹ፣ ማለትም እንግዶችን በጭፈራና በሙዚቃ የሚያዝናኑት ሴቶች፣ በዚያ ሰዓት ወደ ሥራ እየሄዱ ነው። ኪዮቶ ሳለሁ አንዲት ማይኮ፣ ማለትም ገና ሙያውን የምትማር ልጅ፣ በካሜራ ተከባ አየሁ። አንዱ ጭራሽ የኪሞኖዋን እጅጌ ያዘ። አንገቷን ደፍታ፣ በዚያ ከፍ ባለ የእንጨት ጫማ ቶሎ ቶሎ እየረገጠች አመለጠች። አንጀቴን በላችው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሰፈሩ የግል መተላለፊያዎቹን ለቱሪስት የዘጋው ወዶ አይደለም። ቅጣቱም 10,000 የን ነው።

ጌይሻዎቹ የሚሠሩባቸው የድሮዎቹ ሻይ ቤቶች ደግሞ የሚያስተዋውቅ ነባር ደንበኛ ከሌለ እንግዳ አያስገቡም። ስለዚህ የምትችሉ ጉዟችሁን ኤፕሪል ላይ አድርጉት። እ.ኤ.አ. በ1872 የተጀመረው «ሚያኮ ኦዶሪ» የሚባለው የጭፈራ ትርኢት ያኔ ነው የሚታየው። ትኬት መቁረጥ ብቻ ነው። ሻሚሰኑ፣ ማለትም ባለ ሦስት ክሩ የጃፓን የሙዚቃ መሣሪያ፣ ሲመታ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ማራገቢያቸውን ሲዘረጉ ማየት በጣም ደስ ይላል። የዓመታት ልፋታቸውም የሚታየው እዚያ መድረክ ላይ ነው። ማይኮ ካጋጠመቻችሁ ከንፈሯን ልብ በሉ። የታችኛው ብቻ ከቀላ፣ ገና ጀማሪ ናት።