ሲያትል ተከራይ፣ ሳቢያን አከራይ

ጥር ላይ በበሩ ስር ወረቀት ገፍተው ሄዱ። ከሐምሌ ጀምሮ ኪራይህ 140 ዶላር ይጨምራል ይላል። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁና “ዘረፉን እኮ!” አልኩ። አንዱ የድሬ ልጅ ምን ቢመልስልኝ ጥሩ ነው? “ስድስት ወር ቀድሞ የሚነግር ሌባ የት አገር አይተህ ነው?”

እውነቱን ነው። ሲያትል ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2021 መጨረሻ ወዲህ ኪራይ የሚጨምር አከራይ ከ180 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ጭማሪው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነና ገቢው ዝቅ ያለ ተከራይ “አልችልም፣ ልውጣ” ካለ ደግሞ የሦስት ወር ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ከፋዩም አከራዩ ነው። 2025 ላይ ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት ለዓመቱ ጭማሪ ጣሪያ አበጀለት፦ 7 በመቶ ላይ የዋጋ ንረቱ ተደምሮ፣ ከ10 በመቶ ግን እንዳያልፍ።

ገነት ነው እያልኩ አይደለም። ለአንድ መኝታ ቤት ወደ ሁለት ሺህ ዶላር እየከፈልኩ ነው፣ ከአውራ ጎዳናው ድልድይ ስር ድንኳን ጥሎ የሚያድረውንም በየቀኑ አልፌው እሄዳለሁ። ከተማው ራሱ የኪራይ ዋጋ እንዳይተምን ከ1981 ጀምሮ በግዛቱ ሕግ ተከልክሏል። ቢሆንም 2023 ላይ መራጩ ለቤት ጉዳይ የሚውል 970 ሚሊዮን ዶላር በሰባት ዓመት ከንብረት ግብር እንዲሰበሰብ ድምፅ ሰጥቷል። ያለቅሳሉ፣ ግን ይሞክራሉ።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ።

ግንቦት ላይ ድሬ ገባሁ። ሙቀቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሳቢያን የሚባለው ሰፈር በስንት ኦቨርታይም ያሠራኋት ቤት አለችኝ፣ ኪራዩን ወንድሜ ነው የሚቀበልልኝ። ላያት ሄድኩ። ተከራይዋ አስተማሪ ናት፣ ሁለት ልጆች አሏት። በሩን ከፍታ “እንደምን አደሩ፣ ይግቡ” አለችኝ። ድሬ ላይ “እርስዎ”! አያቱን “አንተ” የሚል ሕዝብ መሃል! “አቦ አንተ በይኝ” አልኳት። እምቢ አለች። ወንበር አቀረበችልኝና ቆማ ቀረች።

“ሊገቡበት ነው የመጡት?”

“ማን ነው እንደዚያ ያለሽ?”

ወንድሜ ነው። ወር ሊያልቅ አስራ ሁለት ቀን ሲቀረው ደውሎላታል፦ ባለቤቱ ከአሜሪካ እየመጣ ነው፣ ወይ ሦስት ሺህ ጨምሪ ወይ ቤቱን ልቀቂ። 5 ሺህ የነበረው 8 ሺህ ሆነ። የምትበደርበት ሰው ፈልጋ ጨመረች። እኔ ሲያትል ተቀምጬ በ140 ዶላር አገር ይያዝልኝ ስል፣ ድሬ ላይ ስሜ ሰው ማስፈራሪያ ሆኖ ነበር።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል፣ ድሬዳዋንም ይመለከታል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል ባስቀመጠው ልክ። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ነገርኩት። ሳቀብኝ።

“ውል አለን እኮ” ብሎ ወረቀቱን አመጣልኝ። 2,500 ብር ይላል። እሱ በባንክ ይገባል፣ የቀረው በእጅ። “ለግብሩ ነው፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው” አለኝ። እሷስ ምን አለች ስለው “ምን ትላለች፣ ፈረመች” አለ። አያችሁት? ልክሰስ ብትል መጀመሪያ የምትጠየቀው ለምን ፈረምሽ ተብላ ነው። ደግሞስ ማንን ትከሳለች? የወንድሜ ሚስት ከእሷ ጋር ቡና ትጠጣለች። የእኔ አከራይ ኩባንያ ነው፣ ፊቱን አላውቀውም፣ ብከሰው ከሰኞ እስከ እሁድ የሚያኮርፈኝ ሰው የለም።

ወንድሜም ዝም አላለም። “ዶላር ይዘህ ስለምትመጣ የብሎኬቱ ዋጋ አይታይህም” አለኝ። እሱስ እውነት አለው። ግን ብሎኬቱ ከተደረደረ አምስት ዓመቱ ነው እኮ!

አክስቴ ለገሃሬ የቀበሌ ቤት ውስጥ ናት። በ1967ቱ አዋጅ የተወረሰ ቤት ነው፣ የምትከፍለው ለባጃጅ እንኳ አይበቃም። ክረምት ሲመጣ ግን ባልዲዎቿን ደርድራ ነው የምትተኛው። እዚያ የሚጨምር የለም፣ የሚጠግንም የለም።

ስለ ደላላውም ልንገራችሁ። ምናልባት ሴትዮዋ ከወጣች ብሎ ወንድሜ አስቀድሞ ነግሮት ኖሯል፣ እኔን ሲያገኘኝ አዲስ ተከራይ ይዘረዝርልኝ ጀመር፦ ልጅ የሌለው፣ እንግዳ የማያበዛ፣ ውሃ የማያባክን። ሲያትል መስፈርቱን አሟልቶ መጀመሪያ ላመለከተው ሰው ነው ቤቱ የሚሰጠው፣ ማማረጥ የለም አልኩት። አሰበና “ታዲያ ደላላው ምን ይበላል?” አለኝ። መልስ አጣሁ።

ከመሄዴ በፊት ወንድሜን ኪራዩን ወደ 5 ሺህ መልሰው አልኩት። “እሺ” አለ፣ እናታችን ዳቦ ግዛ ስትለው በሚለው “እሺ”።

ሐምሌ ገባና 140 ዶላሩ መቆረጥ ጀመረ። ያን ቀን ለአስተማሪዋ ጻፍኩላት፦ አሁን ስንት ነው የምትከፍይው? በማግስቱ መለሰች።

“ይመስገን፣ ደህና ነን። እርስዎስ እንዴት ነዎት?”