20 ዓመት የሚያገለግል ማሽን፣ አንድ ቀን የማይረጋ መብራት

«የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውድ ቢሆንም ዕድሜ ልክ ያገለግላል» የሚለው ምክር ጅማ ላይ ምን እንደሚጎድለው የሚነግረን ሻጭ መጥፋቱ እጅግ ያንገበግበኛል። የጀርመኑ ሚሌ ማሽኖቹን ለ20 ዓመት አገልግሎት እየፈተነ እንደሚያመርት ይገልጻል፤ ጥንካሬውን አልጠራጠርም። በብዙ ርካሽ ማሽኖች ውስጥ የውጪው ገንዳ እንዳይከፈት ሆኖ ተጣብቆ ስለሚመጣ፣ ከበሮው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሲበላ ገንዳውን በሙሉ መቀየር ግድ ይሆናል፤ በዚህ በኩል ለጥራት መክፈል ተገቢ ነው። ነገር ግን እኛ ቤት የተበላሸው ኩሽኔታው አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከ220 ቮልት በላይ ዘሎ ማሽኑን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አቃጠለው፤ ቴክኒሻኑ ሲከፍተው የታየው ጥፍር የምታህል ጥቁር ጠባሳ ብቻ ነበረች። ለዚህች ጠባሳ ሲባል ሙሉ ቦርድ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ዋጋውም የአንድ ተራ ማሽን ግማሽ መሆኑ፣ ክረምቱ ደግሞ በእጅ የታጠበውን ልብስ ለቀናት አላደርቅ ማለቱ ያማርራል። ያን ሁሉ ብር የሚቀበል ነጋዴ ቢያንስ የመብራቱን ኃይል የሚያመጣጥን ስታቢላይዘር አብሮ እንዲገዛ ለደንበኛው ሊነግር፣ መለዋወጫውንም እዚሁ ጅማ ሊያስቀምጥ ይገባዋል።